ትንሽ፣ ለቤት የቀረበና ብዙ የማያደክም የጓሮ አትክልት አዘገጃጀት

ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የቀረበ ገለጻ



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጓሮ አትክልት ነው። ይህን ስል አንዳንዶቻችሁ «እሱንማ እናውቀዋለን» እንደምትሉ እገምታለሁ። እውነት ነው፣ ታውቁታላችሁ። መደብ ማውጣት፣ ችግኝ ማፍላት፣ ማጠጣት ለእናንተ አዲስ አይደለም። እኔም የመጣሁት ሌላ ሥራ ልጨምርባችሁ አይደለም፤ ከምትሠሩት ላይ እንድትቀንሱ ልነግራችሁ ነው።

በየቀበሌው ስንዞር የምናየው ነገር ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። መስከረም ላይ ሰፊ ቦታ ይቆፈራል። ጎመኑ፣ ቆስጣው፣ ካሮቱ፣ ቀይ ሥሩ፣ ሰላጣው፣ ቲማቲሙ፣ ቃሪያው ሁሉም በአንድ ጊዜ ይገባል። ጥቅምት ላይ ጎብኚ ሲመጣ ጓሮው ያስጎመጃል። ኅዳር ላይ አጨዳ ይደርሳል፣ ቀጥሎ ውቂያ ይመጣል፤ ጓሮው ዞር ብሎ የሚያየው ሰው ያጣል። ጥር ላይ ዶሮ ገብቶ ይጭረዋል። የካቲት ላይ ሁዳዴ ሲገባ፣ ቤቱ አትክልት በጣም በሚፈልግበት ሰዓት፣ እማወራዋ ጎመን ልትገዛ ገበያ ትወርዳለች።

ይህ የስንፍና ጉዳይ አይደለም። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ሰነፍ የለም፤ ሰነፍ ቢሆን ሞዴል ተብሎ አይመረጥም። ጉዳዩ ጓሮው ሲታቀድ ጊዜ በነበረበት ሳምንት መታቀዱ ነው። ጓሮ መታቀድ ያለበት ሥራ በሚበዛበት ሳምንት ልክ ነው። «እህሉ አውድማ ላይ ተከምሮ፣ ሰው ሁሉ ውቂያ ላይ እያለ፣ ይህን ጓሮ በቀን ሩብ ሰዓት ብቻ አግኝቼ በሕይወት ላቆየው እችላለሁ ወይ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልሱ አይሆንም ከሆነ ጓሮው በዝቷል ማለት ነው፤ አሳንሱት።

አንድ ነገር ደግሞ አስታውሱ። ጎረቤቶቻችሁ የእናንተን ጓሮ በአጥር ላይ እያዩ ነው። የእናንተ ጥር ላይ ሲደርቅ ጎረቤት የሚማረው «እሱ ያልሆነለት ለእኔ ከየት ይሆናል» የሚለውን ነው። የጥቅምት ልምላሜ ለማንም አያስተምርም፤ በጥቅምት የማይለመልም ነገር የለምና። የሚያስተምረው በመጋቢት አረንጓዴ ሆኖ የተገኘ ጓሮ ነው፣ ሁለት መደብ ብቻ ቢሆንም እንኳ።

የሕፃናትም ጉዳይ አለ። በ2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ዓላማ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር ማስቆም እንደሆነ በየስብሰባው ሰምታችኋል። ለሕፃን ልጅ በጥቅምት የተትረፈረፈ ጎመን በመጋቢት ምንም አያደርግለትም። የሚጠቅመው በየሳምንቱ፣ ዓመቱን ሙሉ፣ ጥቂት በጥቂት ወደ ምግቡ የሚገባ አረንጓዴ ቅጠል ነው። ስለዚህ ጓሯችንን በምርት ብዛት ሳይሆን ባለማቋረጡ ነው የምንመዝነው።

መጀመሪያ ጀሪካኑን ቁጠሩ

የጓሮውን ስፋት በእርምጃ ከመለካታችሁ በፊት በጀሪካን ለኩት። ፀሐይ በሚበረታበት ደረቅ ወር፣ የካቲትንና መጋቢትን አስቡ፣ በአትክልት የተሸፈነ አንድ ካሬ ሜትር መሬት በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ውኃ ይፈልጋል። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን እንግዲህ ለ4 ወይም ለ5 ካሬ ሜትር የአንድ ቀን ቀለብ ነው።

አሁን ብዙዎቻችሁ ያላችሁን ጓሮ አስቡት። 5 ሜትር በ8 ሜትር ቢሆን 40 ካሬ ሜትር ነው። በቀን ከ160 እስከ 200 ሊትር፣ ማለትም ከ8 እስከ 10 ጀሪካን ይጠይቃል። ማን ነው የሚያመጣው? ቦኖው ወይም ምንጩ የግማሽ ሰዓት መንገድ ከሆነ መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ባለቤታችሁ ናት፣ ወይም ከትምህርት ቤት የተመለሰች ልጃችሁ። ወንዶች፣ ቅር አይበላችሁና፣ ጓሮውን ለማስፋት የምንወስነው እኛ ስንሆን ውኃውን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። እቅዱ ላይ ያልተጠየቀ ሰው ሸክሙን አንድ ቀን ያወርደዋል፤ ጓሮውም የሚሞተው በዚያ ቀን ነው። ስለዚህ ከዚህ ሥልጠና ስትመለሱ ዶማ ከማንሳታችሁ በፊት ከባለቤታችሁ ጋር ተቀመጡና «በበጋ በቀን ስንት ጀሪካን ለጓሮ ሊተርፈን ይችላል?» በሉ። የሚመጣው ቁጥር ነው የጓሮው ስፋት።

ለአብዛኛው ቤት ያ ቁጥር ከአንድ ጀሪካን እስከ አንድ ተኩል ነው። ይህ የሁለት መደብ ውኃ ነው። እያንዳንዱ መደብ ወርዱ 1 ሜትር ከ20፣ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ50 ቢሆን 3 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ሁለቱ 6 ካሬ ሜትር። በጣም በሚሞቀው ወር ከ24 እስከ 30 ሊትር ይበቃቸዋል። በመስኖ ወይም በእጅ ጉድጓድ የምትጠቀሙ ሰዎች ስሌታችሁ ይለያል፤ እናንተም ብትሆኑ ግን በሁለት መደብ ጀምራችሁ አንድ በጋ ካለፋችሁ በኋላ ብታሰፉ ይሻላል።

ከዚህ ውኃ ከፊሉን ደግሞ ቤት ውስጥ ታገኙታላችሁ። የእህል እጣቢ፣ የአትክልት እጣቢ፣ የዕቃና የልብስ መለቅለቂያ ውኃ ብዙ ጊዜ ደጅ ላይ ይደፋል። ይህን በአንድ ባልዲ አጠራቅሙት። ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። በረኪና የገባበት ውኃ ለጓሮ አይሆንም። በዱቄት ሳሙና የታጠበበት የመጀመሪያው ውኃም አይሆንም፤ በተከታታይ ሲፈስበት አፈሩን ያበላሸዋል። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን የመለቅለቂያ ውኃ ተጠቀሙ። ሲጠጣ አፈሩ ላይ እንጂ ቅጠሉ ላይ አይፍሰስ። ሰላጣና ካሮትን የመሰሉ ጥሬያቸውን የሚበሉ ነገሮችን በእጣቢ አታጠጡ። ጎመን ስለሚቀቀል ችግር የለውም። እጣቢው ሳያድር በዕለቱ መፍሰስ አለበት፤ ካደረ ይሸታል፣ ትንኝም ይሰበስባል።

ቆርቆሮ ቤት ያላችሁ ደግሞ አንድ ቀላል ሒሳብ ያዙ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውኃ ነው። 30 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከዘነበ ወደ 300 ሊትር ይጠጋል፤ ከፊሉ ቢባክን እንኳ በሚያዝያ የሚወርድ አንድ ጥሩ የበልግ ዝናብ በርሜል ይሞላል። አሸንዳው አሮጌ ቆርቆሮ ታጥፎ ቢሠራም ያገለግላል። በርሜሉ መከደን አለበት።

ቦታውን ከማድ ቤቱ አጠገብ

የጓሮው ትክክለኛ ቦታ እማወራዋ ወጥ እየሠራች ብቅ ብላ ቅጠል ቀንጥሳ የምትመለስበት ነው። ከቤት በስተኋላ ርቆ፣ ከከብት በረቱ ማዶ ያለ ጓሮ ይረሳል። በቀን አሥር ጊዜ የምናልፍበት ቦታ ላይ ያለ ጓሮ ግን ራሱ ይታረማል፤ ያለፈ ሁሉ አንድ አረም ነቅሎ ያልፋልና። አረሙ አድጎ ዘር ሳይጥል በትንሽነቱ መነቀሉ ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ጉልበት ይቆጥባል።

ቦታው ቢያንስ ለስድስት ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋል። ከባሕር ዛፍ ራቁ፤ ሥሩ ውኃውን ይሻማል፣ አጠገቡም አትክልት አይሆንለትም፤ ቢያንስ ከ10 ሜትር በላይ ይሁን። ከመጸዳጃ ቤት በታች በኩል ባለ ተዳፋት ላይም አይሁን። ዕቃ ከሚታጠብበት ቦታ ትንሽ ዝቅ ያለ ከሆነ እሰየው፣ ውኃው በራሱ ይመጣል።

አጥር ከቁፋሮ ይልቅ የሚያደክም ሥራ ነው፣ የጓሮ ጠላትም ከበሽታ ይልቅ ዶሮና ፍየል ነው። ስለዚህ ጓሮውን የቤቱን ግድግዳና የግቢውን አጥር ተጠግታችሁ ብታወጡት ሁለቱ ጎን ታጠረ ማለት ነው። የቀረውን ሁለት ጎን ለጊዜው በእሾህ ወይም በእንጨት ዝጉት። ከሥሩ ሕያው አጥር ትከሉ። ሰስባንያ ብትተክሉ ለከብት መኖ ትቆርጡታላችሁ፣ ሞቃት በሆነው አካባቢ የርግብ አተር ብትተክሉ እህል ይሰጣችኋል፤ ሁለቱም አፈሩን ያለመልማሉ። አየደርቄም አጥር ይሆናል፣ ከብትም አይበላውም፤ ነገር ግን ፍሬው መርዛማ ስለሆነ ትንንሽ ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ አልመክረውም።

መደቡ፣ ጉዝጓዙና ገንቦው

የመደቡን ወርድ 1 ሜትር ከ20 ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከሁለቱም ጎን እጅ ሲዘረጋ መሐሉ ላይ ይደርሳል፤ ስለዚህ ማንም መደቡ ላይ አይወጣም። ያልተረገጠ አፈር አይጠጥርም፣ በየጊዜውም መቆፈር አያሻውም። አንድ ጊዜ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት በደንብ ቆፍሩ፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ላይ ላዩን መኮትኮትና ኮምፖስት መጨመር ይበቃል። በሁለቱ መደቦች መካከል 50 ሴንቲ ሜትር መተላለፊያ ተዉ፤ ጀሪካን የያዘ ሰው ማለፍ አለበት። የመደቡን ጠርዝ በድንጋይ ብትይዙት አፈሩ በዝናብ አይናድም፣ በየዓመቱ ቅርጹን ከማስተካከልም ትድናላችሁ። ድንጋይ ከሌለ ይቅር።

ዝናብ በሚበዛበትና ውኃ በሚተኛበት መሬት መደቡን ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ። ደረቅ በሆነው አካባቢ ግን በተቃራኒው ከመሬቱ ትንሽ ዝቅ ያለ መደብ ይሻላል፤ የፈሰሰው ውኃ እዚያው ይቀራል። ከፍ ያለ መደብ በሥልጠና ስላያችሁ ብቻ በቆላ አሸዋማ መሬት ላይ አትሥሩት፤ ቶሎ ይደርቅባችኋል።

ለአንድ መደብ ከ9 እስከ 15 ኪሎ ግራም በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት ጨምሩ። ትኩስ ፍግ አይግባ።

አሁን ወደ ጉዝጓዝ እንምጣ፤ ድካም የሚቀንሰው ዋናው ነገር እሱ ነው። ችግኙ ከተተከለና ሥር ከያዘ በኋላ አፈሩን ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ደረቅ ነገር አልብሱት። ፀሐይ አፈሩን በቀጥታ ስለማታገኘው ውኃው ቶሎ አይተንም፣ አረምም ብርሃን አጥቶ ይቀራል። ጉዝጓዙ ከግንዱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ ከተጠጋው ግንዱን ያበሰብሰዋል። «ጭዱ ለከብቱ አልበቃም፣ ለጎመን ከየት ይምጣ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል፣ ተገቢ ጥያቄም ነው። የጤፍ ጭድ አልጠየቅኋችሁም። ዘር ያልያዘ ሣርና አረም፣ የረገፈ የዛፍ ቅጠል፣ የሙዝ ወይም የእንሰት ደረቅ ቅጠል፣ ከብት የተወው ትራፊ ይበቃል፤ መደቡ ሁለት ብቻ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን አይሁን። ምስጥ በሚያስቸግርበት አካባቢ ጉዝጓዙን አሳሱት፣ በየጊዜውም ገልጣችሁ እዩት።

ሁለተኛው ገንቦ ነው። ይህን ብዙ ሰው አይሞክረውም፤ እኔ ግን ከምነግራችሁ ሁሉ ይህን ብትወስዱ ደስ ይለኛል። የሸክላ ገንቦ ወይም እንስራ መደቡ መሐል ቆፍራችሁ እስከ አንገቱ ቅበሩት። ውኃ ሙሉትና አፉን በጠፍጣፋ ድንጋይ ክደኑት። ሸክላው ውኃውን ቀስ በቀስ ወደ አፈሩ ያዣል፤ አፈሩ ሲደርቅ ብዙ ይሰጣል፣ ሲረጥብ ይቀንሳል። ሥሩም ወደ ገንቦው ይሄዳል። ከላይ የሚተን ውኃ የለም፣ አረሙም ላዩ ደረቅ ስለሚሆንበት አይበረታም። በውቂያ ሳምንት ጊዜ ስታጡ በሁለት ወይም በሦስት ቀን አንዴ መሙላት ነው።

ገንቦውን ስትመርጡ ግን አንድ ነገር እወቁ። የተሟሸ ገንቦ አይሆንም። እናቶች ሲያሟሹት ቀዳዳዎቹ ስለሚደፈኑ ውኃ አያሳልፍም፤ ጠላ ለመጥመቅ የሚሆነው ለጓሮ የማይሆነው ለዚህ ነው። ያልተሟሸ አዲስ ወይም አንገቱ የተሸረፈ ተራ ሸክላ ፈልጉ። ለመፈተን ማታ ውኃ ሞልታችሁ አሳድሩት። ጠዋት ውጩ እንዳላበው ሰው ረጥቦ ከተገኘ ደህና ነው። ደረቅ ከሆነ ተዉት፤ ውኃው ጎድሎ መሬቱ ላይ ኩሬ ከሠራ ደግሞ ተሰንጥቋል ማለት ነው። ለአንድ መደብ ሁለት መካከለኛ ገንቦ ይበቃል።

ምን ይተከል፣ ምን ይቅር

የጎመን ዘር እሽግ ሲታደል የቲማቲሙንም፣ የጥቅል ጎመኑንም መውሰድ ልማድ ሆኗል። መውሰዱ አይከፋም፣ መዝራቱ ነው የሚያስቸግረው። ለትንሽ ጓሮ የምንመርጠው ተክል አንድ ጊዜ ተተክሎ ለብዙ ወራት ቅጠሉ እየተቀነጠሰ የሚበላውን ነው። የጉራጌ ጎመንና ቆስጣ እንዲህ ናቸው። ጥቅል ጎመን ሦስት ወር ጠብቆ አንድ ጊዜ ይቆረጣል፣ ከዚያ መደቡ ባዶ ነው። ቲማቲም ድጋፍ ይፈልጋል፣ መቁረጥ ይፈልጋል፣ ቅጠሉን የሚያደርቅ በሽታም በእርጥብ ወቅት አይለቀውም። ለገበያ በመስኖ የምታመርቱት ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ለቤት ጓሮ ግን ቲማቲምን ተዉት፣ ከገበያ ግዙት።

አንደኛው መደብ የጎመን ይሁን። በመስመርና በችግኝ መካከል 40 ሴንቲ ሜትር ብትሰጡ ሦስት መስመር ይወጣዋል፣ በየመስመሩ ስድስት፣ በድምሩ 18 ችግኝ ነው። ከእያንዳንዱ በሳምንት ከታች በኩል 2 ወይም 3 ቅጠል ብትቀነጥሱ ከ36 እስከ 54 ቅጠል ታገኛላችሁ። የላይኛውን ለጋ እምብርት አትንኩ። ሁለተኛው መደብ የቆስጣ ነው፤ በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት አራት መስመር፣ በየመስመሩ ስምንት፣ 32 ሥር ይይዛል።

ሁለቱን መደቦች በአንድ ቀን አትትከሉ። ይህ ዋና ነገር ነው። የጎመኑን ችግኝ በሐምሌ መጨረሻ አፍልታችሁ መስከረም መጀመሪያ ላይ ብታዛውሩት ከኅዳር ጀምሮ ይበላል። ሁለተኛው መደብ ግን በክረምት ባቄላ ወይም አተር ይዝራበት፤ በዝናቡ ያድጋል፣ እሸቱን ልጆች ይበሉታል፣ አፈሩም ይጠቀማል። ሞቃት በሆነ አካባቢ በቦሎቄ ተኩት። ውቂያው ሲያልቅ፣ ጥር ላይ እፎይ ስትሉ፣ ቆስጣውን በዚያ መደብ ዝሩ፤ መጋቢት ላይ ይደርሳል። ጎመኑ ግንቦት ላይ ሲያረጅ ቆስጣው ክረምቱን ያሻግራችኋል። በሚቀጥለው ዓመት ቦታ ይለዋወጡ፤ የጎመን በሽታና ተባይ አንድ ቦታ እንዳይለምድ ነው። እንዲህ ሲሆን ሁለቱ መደቦች በአንድ ጊዜ ባዶ አይሆኑም።

ዱባን አትርሱ። አንድ ወይም ሁለት ፍሬ በኮምፖስት ጉድጓዱ ዳር ዝሩና አጥር ላይ ልቀቁት። ሌላ ሥራ የለውም። ጠንክሮ የበሰለ ዱባ ከነእጀታው ተቆርጦ ደረቅ ቦታ ቢቀመጥ ለወራት ይቆያል። ውስጡ ብርቱካንማ የሆነው ዱባ፣ ከጎመንና ከቆስጣ ጋር፣ የቫይታሚን ኤ ምንጭ ነው፤ ዳፍንት የሚመጣው ይህ ሲጎድል ነው። ለሕፃን ስትሰጡ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጉበት፣ ቫይታሚኑ ከቅባት ጋር ነው በደንብ ወደ ሰውነት የሚገባው።

ዳር ዳሩን በየዓመቱ የማይተከሉ ነገሮች ይያዙት፦ አንድ ሥር ጤና አዳም፣ አንድ ኮሰረት፣ አንድ የጥብስ ቅጠል፣ ከእጣቢ መውረጃው አጠገብ ጠጅ ሣር። ሁለት ሦስት ሥር ጌሾ ደግሞ በአጥሩ ጥግ። ጌሾ ሥር ከያዘ በኋላ ለብዙ ዓመታት ቅጠሉ ይለቀማል፤ ቤት ከሚጠመቀው የተረፈው ይሸጣል። ከየዓይነቱ አንድ አንድ ይበቃል፣ አሥር ሥር ጤና አዳም ለማን ነው?

ፍራፍሬ አንድ ዛፍ ብቻ፤ ጓሮው ሲለምድ ሁለት። ወይና ደጋ ላይ አቮካዶን እመርጣለሁ። ከፍሬው የበቀለ ሳይሆን በግራፍቲንግ የተዳቀለ ችግኝ ፈልጉ፣ ከ3 እስከ 4 ዓመት ማፍራት ይጀምራል። ጉድጓዱ 60 በ60 በ60 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የላይኛው ለም አፈር ከፍግ ጋር ተደባልቆ ተመልሶ ይገባል፤ የተዳቀለበት ቦታ ከአፈር በላይ ይቅር። ዛፉ ሰፊ ስለሚሆን ከቤት ቢያንስ 6 ሜትር አርቁት። በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ዛፉን ከመደቦቹ በስተሰሜን ትከሉት፤ ጥላው አትክልቱን አይሸፍንም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች ውኃ ይፈልጋል፣ ለእሱም አንድ ገንቦ ቅበሩለት።

ፓፓያ ከ2,000 ሜትር በታች ላላችሁ በአንድ ዓመት ገደማ ያፈራል። ከዘር የበቀለ ወንድ ይሁን ሴት አስቀድሞ ስለማይታወቅ በአንድ ጉድጓድ ሦስት ችግኝ ትከሉ። አበባ ሲያወጣ ረጅም ዘንግ ላይ ብዙ ትንንሽ አበባ የሚያንጠለጥለው ወንዱ ነው። በሰፈሩ አንድ ወንድ ካለ ይበቃል፣ የተረፈውን ቁረጡት። ደጋ ያላችሁ የጨንቻን አፕል ሰምታችሁ ትጠይቁኛላችሁ። አፕል ጥሩ ነው፤ ግን አብዛኛው ዝርያ ብቻውን አያፈራም፣ ሌላ ዝርያ አጠገቡ ይፈልጋል፣ መግረዝም አለው። አንድ ዛፍ ብቻ ለሚተክል ሰው ኮክ ይቀላል።

ስለ ተባይ

በበጋ ጎመን ላይ ክሽክሽ ይወጣል። ቅጠል ስትቀነጥሱ ሥር ሥሩን እዩ፤ የተያዘውን ቅጠል ቆርጣችሁ አርቃችሁ ቅበሩት፣ የቀረውን በውኃ እጠቡት። ካልለቀቀ ሳሙና በጥቂቱ የሟሟበት ውኃ ይረጭበት፣ በማግስቱ በንጹሕ ውኃ ይታጠብ።

ለጤፍ ወይም ለጎተራ የተገዛ መድኃኒት ግን በምንም ዓይነት ጓሮ ውስጥ አይገባም። መድኃኒት የተረጨበት አትክልት እስኪበላ ድረስ የሚጠበቅ የተወሰነ ቀን አለው። እኛ ከዚህ መደብ በየሁለትና ሦስት ቀኑ እንቀነጥሳለን፤ ያ ቀን የሚደርስበት ጊዜ የለም። የሚበላው ደግሞ ሕፃን ነው። በጣም ከተያዘ ነቅላችሁ ጣሉት፤ የጠፋባችሁ 18 ችግኝ ብቻ ነው።

አሁን ያለውን ትልቅ ጓሮ ምን እናድርገው የምትሉ ትኖራላችሁ። አትጣሉት። ለክረምት በቆሎ፣ ድንች ወይም ባቄላ ይዘራበት፣ በዝናብ ይብቀል፤ በበጋ ይረፍ። ከማድ ቤት የቀረበችውን ስድስት ካሬ ሜትር ብቻ ለይታችሁ የዓመት ሙሉ ጓሮ አድርጓት። ጎብኚ ሲመጣም ይህችኑ አሳዩ፣ በጥቅምት ብቻ ሳይሆን በመጋቢትም ኑ በሉን።

ከምሳ በኋላ ከማሠልጠኛ ማዕከሉ በስተጀርባ ወዳለው ሠርቶ ማሳያ እንሄዳለን። ሁለት መደብ በገመድ እንለካለን፣ ሁለት ገንቦ ትናንት ማታ ውኃ ተሞልተው አድረዋል፤ የትኛው የተሟሸ፣ የትኛው ያልተሟሸ እንደሆነ ከውጩ አይታችሁ ትለያላችሁ። ከባለቤታችሁ ጋር የመጣችሁ አብራችሁ ቁሙ፤ የጀሪካኑን ቁጥር እዚያው ላይ እንጽፈዋለን።